ትንሿን ሽጉጥ ከመያዛችሁ በፊት

ባለፈው ኅዳር አንድ ወዳጄ ከመሐል ሜዳ ደብረ ብርሃን መጣ። ቡናው እስኪፈላ ሽጉጡን አወጣና "ጋሼ፣ ይቺ ነገር አንድ ትተኩስና ትነክሳለች፣ እስቲ እይልኝ" አለኝ። ነከሰች የምንለው ጥይት ወይም ቀለህ መሃል ላይ ተቀርቅሮ አልተኩስ ስትል ነው። ፈቃድ ያለው ጠንቃቃ ልጅ ነው። ጥይት የሚደረደርበትን ካዝናዋን አወጣን። ውስጧ ጥይት አለመቅረቱን በዓይንም በጣትም አረጋገጥን። ከዚያ ፈታኋት። የበግ ፀጉር ሞልቶባታል! ሁለት ዓመት ሙሉ በበርኖሱ የውስጥ ኪስ ሲይዛት የመንዝ ሱፍ ቀስ እያለ ገብቶ፣ ከዘይቱ ጋር ተቦክቶ፣ ደርቆ፣ መምቻው አካባቢ እንደ ሊጥ ተለጥፏል። ልጁ ደነገጠ። ሽጉጧ ትንሽ ስለሆነች የምትፈልገውም ጥንቃቄ ትንሽ መስሎት ነበር።

ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ይህንን የምጽፈውም ለዚሁ ነው። ወጣትነቴን የጨረስኩት በሠራዊቱ የመሣሪያ ጥገና ክፍል ነው፣ በእጄ ያልፈታሁት ዓይነት ጥቂት ነው። ትልቅ ሽጉጥ የባለቤቱን ብዙ ጥፋት ይታገሳል። ትንሿ አትታገስም። ለመያዝ ቀላል ናት፣ ለመተኮስ ግን ከባድ፣ ለመንከባከብም ጣጣዋ ብዙ።

መጀመሪያ ግን ወረቀቱ። ይህ ጽሑፍ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012፣ ማለትም በጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጁ መሠረት ፈቃድ ላላቸው ሰዎች ነው። ፈቃዱ ላይ ያለው ቁጥርና ብረቱ ላይ የተቀረጸው ቁጥር አንድ መሆኑን ራሳችሁ አንብቡ። ቁጥሩ የተፋቀ መሣሪያ በነፃም ቢሰጧችሁ አትንኩት።

ከዚሁ ጋር አንድ የማይታለፍ ነገር አለ። በየኬላው በኮንትሮባንድ ተያዙ ሲባል የምንሰማቸው አንዳንድ አዳዲስና የሚያብረቀርቁ ትንንሽ ሽጉጦች፣ መጀመሪያ ሲሠሩ ድምፅ ብቻ እንዲያሰሙ እንጂ እውነተኛ ጥይት እንዲተኩሱ ታስበው አይደለም። ብዙዎቹ አካላቸው ብረት ሳይሆን ዚንክ ያለበት ለስላሳ ቅይጥ ነው። አንዱ ነካክቶ ጥይት እንዲተኩስ ካደረገው በኋላ የባሩዱን ግፊት የሚችል ነገር የለውም። ሊሰነጠቅ ይችላል፣ ላይኛው ክፍል ተገንጥሎ ወደ ተኳሹ ፊት ሊመጣ ይችላል። በመልኩ ከእውነተኛው ጋር ቁርጥ አንድ ስለሆነ ብዙ ሰው ይታለላል። ስለ እንደዚህ ዓይነቱ አስተማማኝነት የማወራው ነገር የለኝም። አይያዝም፣ አይተኮስም።

ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ትንሽ ሽጉጥ ለምን ይነክሳል?

ሲተኮስ የሚሆነውን አስቡት። ላይኛው ተንሸራታች ብረት ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ባዶውን ቀለህ ጎትቶ ይጥላል፣ ከዚያ ሞላው ወደ ፊት ይመልሰዋል። ሲመለስ ከካዝናው አናት ላይ አዲስ ጥይት ገፍቶ ያስገባል። በትልቅ ሽጉጥ ይህ መንገድ ረዘም ይላል፣ ብረቱም ከባድ ስለሆነ ረጋ ብሎ ይመላለሳል። በትንሿ ግን መንገዱ አጭር፣ ብረቱ ቀላል፣ ፍጥነቱ ኃይለኛ ነው። የካዝናው ሞላ ቀጣዩን ጥይት ወደ ላይ ገፍቶ ቦታው ላይ ለማድረስ ያለው ጊዜ ከዓይን ጥቅሻ ያነሰ ነው። በዚያች ጊዜ ውስጥ ትንሽ ሱፍ፣ ትንሽ የደረቀ ዘይት፣ ትንሽ የደከመ ሞላ ወይም ትንሽ የላላ ክንድ ካለ በቃ፣ ነከሰ።

የብረቱን ቅለት ለማካካስ ደግሞ ፋብሪካው ጠንካራ ሞላ ይከትበታል። ትንሿን ሽጉጥ ማቀባበል ከትልቁ የሚከብደው ለዚህ ነው። ስለዚህ ለእናታችሁ ወይም ጣቱ ለደከመ አባት "ትንሽ ናት፣ ትመቸዋለች" ብላችሁ አትፍረዱ። መጀመሪያ ራሳቸው ባዶዋን ይሳቡት። አሥር ጊዜ ያለ ችግር ካልሳቡ ያቺ ሽጉጥ የእነሱ አይደለችም።

ሞላ ያልቃል፣ የትንንሾቹ ደግሞ ቶሎ ያልቃል። አጭር ቦታ ላይ ብዙ ተጨቁኖ ስለሚሠራ ነው። ባዶ ቀለህ ከወትሮው ርቆ መወርወር ከጀመረ፣ ወይም ላይኛው ብረት ሙሉ በሙሉ ሳይዘጋ ከቀረ ሞላውን ጠርጥሩ። መቁረጥ፣ መዘርጋት፣ ከሌላ መሣሪያ አውጥቶ መግጠም የሚባል ነገር የለም። ለዚያው ሞዴል የተሠራውን ነው የሚገጥሙት።

ስለ ርግጫው፣ ማለትም ሲተኮስ እጅን ወደ ኋላ ስለሚመታው ግፊት ልንገራችሁ። ያው አንዱ ጥይት ከ1 ኪሎ ሽጉጥና ከግማሽ ኪሎ ሽጉጥ ቢተኮስ፣ የቀላሉ የርግጫ ጉልበት የከባዱ እጥፍ ነው። ይህ የፊዚክስ ሕግ ነው፣ በጀግንነት አይቀየርም። እኛ አገር ብዙ ሰው የሚያውቀው ማካሮቭ በሶቪየት ጦር ሥራ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1951 ሲሆን ያለ ጥይት 730 ግራም ያህል ይመዝናል፣ ካዝናው 8 ጥይት ይይዛል። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ሲግ ፒ365 ግን 500 ግራም አካባቢ ሆኖ 10 ጥይት ይይዛል፣ ጥይቱም ከማካሮቩ ይበረታል። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው ሩገር ኤልሲፒ ደግሞ 300 ግራም እንኳን አይሞላም። በኪስ ሲይዙት መኖሩ ይረሳል። ሁለት ካዝና ሲተኩሱበት ግን መዳፍ ያቃጥላል። የሚያም መሣሪያ ደግሞ ሰው አይለማመድበትም። እኔን የሚያሳስበኝ ይሄ ነው፤ ገዝቶ አምስት ጥይት ይተኩሳል፣ እጁን ያመዋል፣ ከዚያ ዓመቱን ሙሉ ኪሱ ውስጥ ይከታትና ተማምኖባት ይሄዳል።

ማካሮቭ ግን ከክብደቱ የበለጠ ይራገጣል፣ ያንን ያስተዋላችሁ ትኖራላችሁ። ምክንያቱም ላይኛውን ብረት የሚቆልፈው ነገር የለም። ጥይቱን የሚይዘው የብረቱ ክብደትና የሞላው ጉልበት ብቻ ነው፣ ስለዚህ ምቱ ቀጥታ መዳፍ ላይ ያርፋል። በምትኩ አሠራሩ ቀላል ነው፣ አፈሙዙም ከአካሉ ጋር የተጣበቀ ስለሆነ አይወዛወዝም። በትንሽነትና በአስተማማኝነት መካከል ጥሩ ስምምነት ያለው መሣሪያ ምረጥ ብትሉኝ እስከ ዛሬ ከማካሮቭ አልርቅም። ሴፍቲው፣ ማለትም እንዳይተኩስ የሚቆልፈው፣ ወደ ላይ ሲገፋ ይቆለፋል፣ ከኋላ ያለውን መምቻ መዶሻም በሰላም ያወርደዋል፤ ወደ ታች ሲወርድ ለመተኮስ ዝግጁ ነው። ሌላ ሽጉጥ የለመደ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል።

ቶካሬቭ የሚባለው የድሮ የሶቪየት ሽጉጥ ደግሞ ሌላ ነው። ሲመረት ሴፍቲ አልተገጠመለትም፣ ያለው መዶሻውን ግማሽ ላይ ማቆም ብቻ ነው። በዚያ ላይ ተማምኖ ጥይት አቀባብሎ ወገብ ላይ መሻጥ አደጋ ነው። ቶካሬቭ የሚያዝ ከሆነ ውስጡ ባዶ ሆኖ ነው። ከአያት የተወረሱት 6.35 ሚሊ ሜትር ትንንሽ ሽጉጦችም እንዲሁ። ዕድሜያቸው ገፍቷል፣ ውስጣቸው አልቋል፣ ቢወድቁ ሊተኩሱ ይችላሉ።

ጥይት ላይ እንቆይ። ገበያው ላይ ሁሉም "ዘጠኝ" ነው የሚባለው። ሦስት ዘጠኝ አለ። 9×17፣ 9×18 እና 9×19። የማካሮቩ 9×18 ነው፣ እርሳሱም ከሌሎቹ ወፈር ይላል፣ 9.27 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ሁለተኛው ቁጥር የቀለሁ ርዝመት ነው፤ በዓይን ተለይቶ አይታወቅም ማለት ይቻላል። አንዱን በሌላው መተካት ቢቀና መንከስ ነው፣ ካልቀና መሣሪያው ይጎዳል፣ ሰውም ይጎዳል። አፈሙዙ ወይም አካሉ ላይ የተጻፈውን አንብቡ፣ ከዚያ የቀለሁን ቂጥ አንብቡ፣ ካልገባችሁ ለሚያውቅ ሰው አሳዩ።

አረንጓዴ ዝገት የያዘ፣ የተሰረጎደ፣ ወይም እርሳሱ በጣት ሲነኩት የሚነቃነቅ ጥይት አይገባም። ጥይት ዘይት አይቀባም። ቆዳ ማህደር ውስጥም ለወራት አይቀመጥም፤ ቆዳው የተለፋበት ነገር ናሱን አረንጓዴ ያደርገዋል። ድሮ የተመረተ የምሥራቅ አውሮፓ ጥይት፣ በተለይ የቶካሬቭ፣ ብዙ ጊዜ ከተተኮሰ በኋላ አፈሙዝ ውስጥ ጨው ይተዋል። ዘይት ጨውን አያሟሟም። በፍል ውሃ አጥቦ፣ ደህና አድርጎ አድርቆ፣ ከዚያ ነው ዘይት የሚቀባው። "መሣሪያ በውሃ ይታጠባል እንዴ?" ብሎ የሚቆጣ አይጠፋም። ይታጠባል። ሳይታጠብ ያደረ አፈሙዝ ጠዋት ቀይ ሆኖ አይቻለሁ።

አሁን አገራችንን አስቡ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር ይበልጣል። ከዚያ በደብረ ሲና ቁልቁል ተጠማዝዛችሁ ስትወርዱ ሸዋ ሮቢት ላይ ሙቀቱ ልብስ ያስወልቃል። በአንድ ቀን ውስጥ ውርጭም፣ ጉምም፣ ላብም፣ አቧራም ያገኛችኋል። ሽጉጧንም እንዲሁ።

በብርድ ወፍራም ዘይት ይረጋል። ግሪስ ደግሞ ጭራሽ አይታሰብ። ኑግ፣ ቅቤ፣ የምግብ ዘይት እቀባለሁ የሚል ሰው ዛሬም አለ፤ እባካችሁ ተዉ፣ ሲከርም እንደ ሙጫ ይይዛል። የስፌት መኪና ዘይት ብትጠቀሙ ከሁሉም ይሻላል። ስስ ነው፣ በብርድ አይረጋም፣ በየሱቁ አለ። ግን ጠብታ ነው የሚበቃው። ብረት ከብረት የሚፋተግበት ቦታ ላይ አንድ አንድ ጠብታ፣ ከዚያ በጨርቅ መጥረግ። የወዳጄን ሽጉጥ የገደላት ሱፉ ብቻ አልነበረም፣ ሱፉን የያዘው የተትረፈረፈ ዘይት ነው።

ሌላው ጤዛ ነው። ከውርጭ ገብታችሁ ምድጃ ወዳለበት ቤት ስትዘልቁ ቀዝቃዛው ብረት ላይ ውሃ ያርፋል። መነጽር የሚያደርግ ሰው ያውቀዋል። ያንን ሳትጠርጉ በማህደሯ ከትታችሁ ካሳደራችኋት ዝገት ይጀምራል። ወደ ቆላ ስትወርዱ ደግሞ ላብ አለ፤ ላብ ጨው ነው። በሸሚዝ ሥር የምትያዝ ሽጉጥ በየምሽቱ ደረቅ ጨርቅ ሊነካት ይገባል።

እኔ የማጸዳው እንዲህ ነው። ካዝናውን አወጣለሁ። ላይኛውን ብረት ስቤ ውስጡን በዓይኔም በጣቴም አያለሁ። ጥይቱን ሌላ ክፍል ወስጄ አስቀምጣለሁ። ከዚያ እፈታለሁ፣ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽና በነጭ ጋዝ እፈገፍጋለሁ። ነጭ ጋዝ ቅባቱን ሁሉ ስለሚወስድ መጨረሻ ላይ ዘይቱን ማስታወስ ነው። መጥረጊያው አሮጌ ሸሚዝ ይሁን። የጋቢ ቁራጭ አይሆንም፣ ጥጡን ይጥላል፣ ተመልሰን ወደ ሱፉ ገባን ማለት ነው። ካዝናውንም ፈታችሁ አጽዱ፣ ብዙ ሰው ይረሳዋል። ካዝናው ውስጥ ዘይት አይገባም።

በሳምንት አንዴ ባትተኩሱባትም ክፈቷት። በርኖስ፣ ባና፣ ጋቢ የምንለብስ ሰዎች ነን፣ ቃጫና ፀጉር ከእኛ አይጠፋም።

አያያዝ። ኪስ ውስጥ ያለ ማህደር አይያዝም። ማህደሩ ምላጩን ሙሉ በሙሉ መሸፈን አለበት። በዚያ ኪስ ውስጥ ሌላ ምንም ነገር አይግባ፤ ቁልፍ፣ ሳንቲም፣ የልጅ ከረሜላ፣ ምንም። ገመድ ያለው ጃኬት የሚለብስ ሰው ሽጉጡን ሲመልስ የገመዱ ጫፍ ምላጩ ላይ ተጠምጥሞ ሊተኩስበት ይችላል። ስታወጡ መፍጠን ያለ ነው። ስትመልሱ ግን ማንም አያስቸኩላችሁም፣ እያያችሁ መልሱ።

አተኳኮሱን ልምምድ በሚፈቀድበት ቦታ፣ ከኋላው አፈር የተቆለለበት ኢላማ ላይ ነው የምታዩት። እጃችሁን የቻላችሁትን ያህል ወደ ላይ፣ ወደ ተንሸራታቹ ብረት አስጠጉ። ግን የአውራ ጣትና የሌባ ጣት መሃል ያለው ሥጋ ከብረቱ መንገድ ላይ እንዳይወጣ፣ ይልጠዋል። ሌላኛው እጅ የቀረውን ባዶ ቦታ ይሙላ። ሁለቱም አውራ ጣቶች በአንድ ጎን ወደ ፊት ይሁኑ፤ አውራ ጣቱን ከኋላ አሻግሮ የሚይዝ ሰው ደሙ ይፈሳል። ትንሿ ላይ ትንሿ ጣት መያዣ አታገኝም፣ ከሥር ትጠቀለላለች፣ ችግር የለውም። ዋናው የእጅ አንጓ ነው። አንጓው ከላላ ሽጉጧ በሙሉ ወደ ኋላ ትሄዳለች፣ ላይኛው ብረት የሚመላለስበት መደገፊያ ያጣል፣ ትነክሳለች። "ሽጉጧ ተበላሸች" ተብሎ ከመጣልኝ ውስጥ ስንቱ የላላ አንጓ እንደነበር! ሌላ ሰው ሲተኩሳት ምንም አትሆንም።

ማነጣጠሪያውም አጭር ነው። ከፊተኛው እስከ ኋለኛው 10 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ 1 ሚሊ ሜትር ብትስቱ 10 ሜትር ላይ 10 ሴንቲ ሜትር ትስታላችሁ። 15 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ስህተቱ ወደ 7 ይወርዳል። ሽጉጧ ትክክል ናት፣ እናንተም ትክክል ልትሆኑ ትችላላችሁ፣ ግን ትንሿ ስህተት ትጎላለች። ስለዚህ ከ5 ሜትር ጀምሩ። ኢላማው የሳህን ስፋት ያለው ወረቀት ይሁን። በዝግታ አምስቱንም እዚያ ውስጥ ስታስገቡ ወደ 7፣ ከዚያ ወደ 10 ሜትር ሂዱ።

በቀኝ እጁ የሚተኩስ ሰው ብዙ ጊዜ ወደ ታችና ወደ ግራ ይመታል። ርግጫውን ፈርቶ ቀድሞ ስለሚጫነው ነው። ማወቂያው ቀላል ነው። ጓደኛችሁ ካዝናውን ይሙላላችሁ፣ መሃል ላይ ለልምምድ የተሠራ አንድ ባሩድ የሌለው ጥይት ይደባልቅበት። እሱ ጋ ስትደርሱ ሽጉጧ ሳትተኩስ አፈሙዙ ቁልቁል ሲደፋ ራሳችሁ ታያላችሁ። አንዴ ካያችሁት ለማረም ግማሽ መንገድ ሄዳችኋል፤ ቀሪው ምላጩን ሳይነጥቁ ቀስ አድርጎ መጭመቅ ነው።

ከአጭር አፈሙዝ ባሩዱ ተቃጥሎ አያልቅም። ቀሪው ውጭ ይቃጠላል። ስለዚህ ድምፁ ይጮኻል፣ በጨለማ ብልጭታው ዓይን ይሰርቃል፣ የጥይቱም ፍጥነት ከረጅሙ ያነሰ ነው። ጆሮ መሸፈኛ ሳታደርጉ አትለማመዱ፣ የተጎዳ ጆሮ አይመለስም።

ስትሞክሯት ካዝናዎቹ ላይ 1 እና 2 ብላችሁ ጻፉ። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የሽጉጧ ሳይሆን የአንዱ ካዝና ነው፣ ሳትጽፉ ግን የትኛው እንደሆነ አታውቁም። ጥይት ውድ መሆኑን አውቃለሁ። ሆኖም ልትይዙት ካሰባችሁት ዓይነት ቢያንስ 50 ያህል ሳትነክስ ካልተኮሰች እኔ አላምናትም። ከነከሰች መንስኤው ይፈለግ፣ ይጠገን፣ ቆጠራው ከአንድ ይጀመር።

ምላጭ ስባችሁ ጥይቱ ከከሸፈ ቶሎ አትክፈቱ። አፈሙዙን ወደ ኢላማው እንዳዞራችሁ ግማሽ ደቂቃ ቆዩ፣ አንዳንዱ ዘግይቶ ይተኩሳል። ከዚያ ካዝናውን አውጥታችሁ ክፈቱ። ከዚህ የሚብስ ደግሞ አለ። "ጧ" ማለት ሲገባው "ጱፍ" ካለ፣ ድምፁ ከደከመ፣ አቁሙ። እርሳሱ አፈሙዙ ውስጥ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ከኋላው ሌላ ከተኮሳችሁበት አፈሙዙ ይፈነዳል። አራግፋችሁ፣ ፈታታችሁ፣ ብርሃን ከማዶ እስክታዩ ድረስ ሌላ ጥይት የለም።

ሰርግና ለቅሶ ላይ ወደ ሰማይ መተኮስን በተመለከተ፣ የወጣው ይወርዳል። የት እንደሚወርድ የሚያውቅ የለም። አረቄ ወይም ጠላ የሚቀመስበት ቀንም ሽጉጧ ቤት ትቆለፋለች። አንድ መለኪያ ብቻ ነው ብላችሁ ራሳችሁን አትሸንግሉ።

ቤት ስል ትራስ ሥር ማለቴ አይደለም። ልጅ ትራስ ሥር ያለውን ነገር ከአባቱ ቀድሞ ያውቃል። ትንሿ ሽጉጥ ደግሞ ለልጅ እጅ መጫወቻ ነው የምትመስለው። የሚቆለፍ የብረት ሳጥን፣ ጥይቱ ለብቻው በሌላ ሳጥን፣ ቁልፉ ከእናንተ ጋር።

የመሐል ሜዳው ወዳጄ ሱፉ ከተጠረገ በኋላም ሽጉጧ ካዝና ቁጥር 2 ላይ ሁለት ጊዜ ነክሳበታለች። የዚያን ካዝና ሞላ አስቀየረ። ከዚያ ወዲህ 60 ጥይት ተኩሶባታል፣ አልነከሰችም። በርኖሱን አሁንም ይለብሳል፣ ሽጉጧ ግን ምላጭ የሚሸፍን ማህደር ውስጥ ሆና ቀበቶው ላይ ናት፣ ቅዳሜ ቅዳሜም ማታ ይከፍታታል።